ከጓንት እስከ በርሜል፦ የኒውክሌር ማመንጫ ዝቅተኛ ደረጃ ጨረር አመንጪ ቆሻሻ እንዴት ተዘጋጅቶ ይታሸጋል?

ስለ ኒውክሌር ቆሻሻ ሲወራ በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው አገልግሎቱን ጨርሶ ከሪአክተሩ የሚወጣው ነዳጅ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከፍተኛ ደረጃ የሚባለው ቆሻሻ በይዘት፣ ማለትም በሚይዘው ቦታ፣ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም ከጠቅላላው ጨረር አመንጪነት 95 በመቶ ያህሉን የያዘው እሱ ነው። ዝቅተኛ ደረጃ የሚባለው ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ከይዘቱ 90 በመቶ የሚሆነውን ይዞ ከጨረር አመንጪነቱ የሚያዋጣው 1 በመቶ አካባቢ ነው። ያም ሆኖ በአንድ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ግቢ ውስጥ በየዕለቱ የሚለቀመው፣ የሚመዘነው፣ የሚጨመቀው፣ የሚታሸገውና ፊርማ የሚያርፍበት ቆሻሻ ይኸው ዝቅተኛው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቆሻሻውን ማቃጠል፣ መጭመቅ፣ ማቅለጥም ሆነ ከሲሚንቶ ጋር ማቡካት በውስጡ ካሉት ጨረር አመንጪ አቶሞች አንዱን እንኳ አያጠፋም። እሳት የኬሚካል ትስስርን ይፈታል እንጂ የአቶምን እምብርት አይነካም። አቶሞቹን የሚጨርሳቸው ጊዜ ብቻ ሲሆን የእያንዳንዱ ዓይነት ቀጠሮም የተለያየ ነው፦ ኮባልት 60 በየ5.3 ዓመቱ፣ ሲዝየም 137 በየ30 ዓመቱ፣ ኒኬል 63 በየ100 ዓመቱ ገደማ፣ ካርቦን 14 ደግሞ በየ5,700 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ለባለሙያው የሚቀርለት ቆሻሻው የሚይዘውን ቦታ ማሳነስ፣ ካለበት እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ማሰርና ውስጡ ምን እንዳለ አውቆ መመዝገብ ነው። ከሦስቱ ሥራዎች ይበልጥ ክብደት መሰጠት ያለበት ለሁለተኛው፣ እንዳይንቀሳቀስ ለማሰሩ፣ ይመስለኛል። በአግባቡ የታሸገ በርሜል አጠገብ ለጥቂት ደቂቃ የሚቆም ሠራተኛ የሚያገኘው ጨረር በቀላሉ ይለካል፣ ይገደባልም፤ ውሃ አግኝቶት ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ጉድጓድ ውሃ፣ ከዚያም ወደ ምግብ የሄደ ሲዝየም ግን ተከትሎ የሚይዘው የለም። የዚህ ሙያ ታሪክም በአመዛኙ ከውሃ ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው።

ቆሻሻው የሚፈጠርበት መንገድ

የሪአክተሩን ነዳጅ የሚያቀዘቅዘው ውሃ በቧንቧዎች፣ በፓምፖችና በቫልቮች ውስጥ ሲመላለስ በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ እየሸረሸረ ይሄዳል። ብናኙ በሪአክተሩ እምብርት በኩል ሲያልፍ ኒውትሮን ይመታውና ራሱ ጨረር አመንጪ ይሆናል። በአንዳንድ ቫልቮች ላይ ቶሎ እንዳያልቁ ተብሎ የሚለበጠው ጠንካራ ቅይጥ ኮባልት ስላለበት፣ ከዚያ የተነሳው ብናኝ በእምብርቱ በኩል ዞሮ ኮባልት 60 ሆኖ ይመለሳል። ከነዳጅ ዘንጎቹ አንዱ ቀጭን ስንጥቅ ካወጣ ደግሞ ሲዝየምና አዮዲን ወደ ውሃው ይገባሉ። ውሃው ይህን ሁሉ ተሸክሞ መዞር ስለሌለበት ያለማቋረጥ ይጣራል፤ ውሃው ሲጠራም ጨረር አመንጪው ነገር ወደ ማጣሪያው ይዛወራል።

ከማጣሪያዎቹ ዋነኛው ሬዚን ነው። ሬዚን ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ድቡልቡል የፕላስቲክ እንክብል ሲሆን፣ ኤሌክትሪክ ሙል የያዙ ብዙ ቦታዎች አሉት። ውሃው በእንክብሎቹ መካከል ሲያልፍ ሬዚኑ የራሱን ሃይድሮጅን ወይም ሃይድሮክሳይድ ይለቅና በምትኩ በውሃው ውስጥ የሟሙትን ኮባልት፣ ሲዝየምና መሰል ነገሮች ይዞ ያስቀራል። የሚለቀው ነገር ሲያልቅበት አገልግሎቱ ያበቃል፤ ያን ጊዜ በውሃ ተገፍቶ በቧንቧ ወደ ማጠራቀሚያ ታንክ ይሄዳል። ይህ ሥራ በወፍራም ግድግዳ ጀርባ ሆኖ በርቀት የሚከናወን ነው፤ ምክንያቱም ያገለገለ ሬዚን በወራት ውስጥ ከብዙ ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ የለቀመውን በጥቂት ሜትር ኩብ ውስጥ አከማችቶ ይዟል። ከዝቅተኛ ደረጃ ቆሻሻ ውስጥ የማመንጫውን ባለሙያ የሚያስጨንቀው በዋናነት ይኸው ሬዚን ነው፤ አንዳንዱም በጨረር አመንጪነቱ ከዝቅተኛው ደረጃ አልፎ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው መካከለኛ ደረጃ ውስጥ ይገባል። ከእሱ ጋር የሚቆጠሩት የካርትሪጅ ማጣሪያዎች፣ ከታንኮች ሥር የሚጠራቀመው ዝቃጭና የቆሸሸ ውሃ በሙቀት ሲተን የሚቀረው ወፍራም ፈሳሽ ናቸው።

ደረቁ ቆሻሻ በመልኩ ከማንኛውም ጥገና ክፍል ከሚወጣው ብዙም አይለይም። ጓንት፣ ቱታ፣ የጫማ ሽፋን፣ የወለል ፕላስቲክ፣ መወልወያ፣ ያረጀ ቱቦ፣ የተሰበረ መሣሪያ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ማመንጫው ነዳጅ ለመቀየር በየአንድ ዓመት ተኩል ወይም በየሁለት ዓመቱ ሲቆም ለጥቂት ሳምንታት ብዙ ተጨማሪ ሠራተኞች ስለሚገቡ፣ የዓመቱ ደረቅ ቆሻሻ ብዙው ክፍል የሚመነጨው በነዚያ ሳምንታት ነው።

ሥራው በር ላይ ይጀምራል

የቆሻሻን መጠን ለመቀነስ ከየትኛውም መጭመቂያና ምድጃ ይልቅ ርካሹ ዘዴ ዕቃውን መጀመሪያውኑ ወደ ቁጥጥር ክልሉ አለማስገባት ነው። አዲስ ፓምፕ ከነካርቶኑና ከነእንጨት ሳጥኑ ከገባ፣ ካርቶኑና እንጨቱ ሲወጡ ተራ ቆሻሻ መሆናቸው በመሣሪያ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ተበከሉ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ማሸጊያው ከበር ውጭ ይፈታል፤ መፍቻና መሰላልን የመሳሰሉ ዕቃዎችም አንዴ ከገቡ እዚያው ውስጥ ለሚቀጥለው ሥራ ይቀመጣሉ። ቱታው ታጥቦ በድጋሚ ይለበሳል፤ አንዳንድ ማመንጫዎች ደግሞ ከፖሊቪኒል አልኮል የተሠራ፣ በሙቅ ውሃ የሚሟሟ ልብስ ይጠቀማሉ። ልብሱ ሲሟሟ በላዩ የነበረው ብናኝ ተጣርቶ ይቀራልና ይዘቱ ወደ ማጣሪያው መጠን ይወርዳል።

የተሰበሰበው ከረጢት ወደ መለያ ጠረጴዛ ይመጣል። ጠረጴዛው አየሩን ወደ ውስጥ የሚስብና በማጣሪያ የሚያስወጣ መከለያ አለው፤ ሠራተኛውም ከረጢቱን ከፍቶ ይዘቱን በዓይነት ይለያል፦ የሚቃጠለው ለብቻ፣ የሚጨመቀው ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን በስህተት የገባው ነገር ነው። ያልተጨረሰ የሚረጭ ቀለም ቆርቆሮ መጭመቂያ ውስጥ ይፈነዳል፤ በባትሪ ውስጥ ያለ አሲድ በርሜሉን ይበላል፤ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ላስቲክ ደግሞ የበርሜሉን ተቀባይነት ሊያሳጣ ይችላል። የአንድ ከረጢት ስህተት ከመለያ ጠረጴዛው ካለፈ በኋላ ለማረም መታሸግ የነበረበትን በርሜል መክፈት ያስፈልጋልና፣ ይህ አሰልቺ የሚመስል ሥራ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው።

አንዳንዱ ቆሻሻ ደግሞ ከመቀመጥ በስተቀር ምንም አያስፈልገውም። የኮባልት 58 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ 71 ቀን ነው። አሥር ግማሽ ዕድሜ ሲያልፍ ከአንድ ነገር የሚተርፈው አንድ ሺህኛ ገደማ ስለሆነ፣ በዚህ ብቻ የተበከለ ዕቃ ሁለት ዓመት ተቆልፎበት ቢቆይ በአብዛኛው ተራ ዕቃ ይሆናል። በብዙ አገሮች ዕቃው ከቁጥጥር ነፃ እንዲወጣ የሚፈቀደው በማንም ሰው ላይ በዓመት ከ10 ማይክሮሲቨርት በላይ እንደማያደርስ ሲረጋገጥ ነው (ሲቨርት ሰው የሚያገኘው ጨረር የሚለካበት አሃድ ነው)፤ ከተፈጥሮ የሚመጣው ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ማለትም 2,400 ማይክሮሲቨርት መሆኑን ያየ ሰው ገደቡ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ይረዳል።

ይዘትን ማሳነስና የሚያስከትለው ዋጋ

ደረቅ ቆሻሻ በአብዛኛው አየር ነው፤ በርሜል ውስጥ የተጠቀጠቀ ቱታና ፕላስቲክ ቦታውን በከንቱ ይይዛል። ቀላሉ መጭመቂያ ቆሻሻውን በርሜሉ ውስጥ እንዳለ ወደ ታች የሚጫን ነው። ከባዱ መጭመቂያ ግን በርሜሉን ራሱን ይጨፈልቃል። በ1,500 ወይም በ2,000 ቶን ኃይል የሚጫን ሲሆን፣ 200 ሊትር የሚይዘው የብረት በርሜል መጀመሪያ አየሩ እንዲወጣ ይበሳል፣ ከዚያ በወፍራም የብረት ቀለበት ውስጥ ተቀምጦ በአንድ ምት ጠፍጣፋ ክብ ሆኖ ይወጣል። የሚወጣው አየር በማጣሪያ ያልፋል፤ የሚንጠባጠብ ውሃ ካለም ተለይቶ ይጠራቀማል። የአንዱ በርሜል ይዘት ፕላስቲክ፣ የሌላው ብረት ስለሚሆን የተጨፈለቁት ክቦች ውፍረታቸው አይመሳሰልም። ስለዚህ ኦፕሬተሩ የእያንዳንዱን ቁመት ለክቶ የትኛው ከየትኛው ጋር ቢደረደር ትልቁ መያዣ ክፍት ቦታ ሳይተርፈው እንደሚሞላ ያሰላል፤ በመጨረሻም በዙሪያቸው ቀጭን የሲሚንቶ ቡኮ ይፈስባቸዋል።

ማቃጠል ከዚህም በላይ ያሳንሳል፤ የሚቃጠል ቆሻሻ ወደ ሃምሳኛ፣ አንዳንዴም ወደ መቶኛ ይዘቱ ሊወርድ ይችላል። ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ የአንድ ሚሊሜትር ሦስት አሥር ሺህኛ የሚያህለውን ብናኝ 99.97 በመቶ በሚይዙ ማጣሪያዎች ያልፋል። ኮባልቱና ሲዝየሙ በአመዛኙ በአመዱና በማጣሪያው ሲቀሩ፣ ትሪቲየም የሚባለው ጨረር አመንጪ ሃይድሮጅንና ካርቦን 14 ግን ውሃ ትነትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነው ከጭሱ ጋር ይሄዳሉ፤ ምድጃው በዓመት ሊለቀው የሚችለው መጠን በፈቃዱ ላይ የሚገደበውም በዚህ ምክንያት ነው። ፒቪሲ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚያወጣው ክሎሪን ወደ ሃይድሮክሎሪክ አሲድነት ተቀይሮ የጭስ ማውጫውን ስለሚበላው፣ ቆሻሻቸውን የሚያቃጥሉ ማመንጫዎች የወለል ሽፋናቸውንና ከረጢታቸውን ወደ ፖሊኤትሊን ለውጠዋል። የዕቃ ግዢ ክፍሉ ሳያውቀው የምድጃውን ዕድሜ ይወስናል ማለት ነው።

ብረትን ማቅለጥ ሌላ ጥቅም አለው። ሲቀልጥ ሲዝየሙ ወደ ጭሱ አቧራና ከቀለጠው ብረት በላይ ወደሚንሳፈፈው አረፋ ሲሄድ፣ ኮባልቱ ከብረቱ ጋር ተቀላቅሎ በእኩል መጠን ይሰራጫል። ከተጣመመ ቧንቧ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለውን ብክለት በትክክል መለካት አስቸጋሪ ሲሆን፣ ከቀለጠው ብረት የተወሰደች አንዲት ናሙና ግን ስለ ሙሉው ጥፍጥፍ ትናገራለች።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊጠይቅ ይችላል፦ እንግዲያው ሁሉም ነገር እስከ ተቻለ ድረስ ለምን አይጨመቅም፣ ለምን አይቃጠልም? መልሱ ይዘቱ ሲያንስ ክምችቱ ይጨምራል የሚል ነው። የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ደንብ ዝቅተኛ ደረጃ ቆሻሻን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ይመድባል። በዚህ ደንብ የሲዝየም 137 ጣሪያ፣ ኩሪ በሚባለው የጨረር አመንጪነት መለኪያ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ለኤ 1 ኩሪ፣ ለቢ 44 ኩሪ፣ ለሲ 4,600 ኩሪ ነው። በሜትር ኩብ 0.8 ኩሪ የያዘ ሬዚን ኤ ነው፤ በሙቀት ተበትኖ ይዘቱ ወደ አሥረኛ ቢወርድ ግን ያው ሲዝየም በሜትር ኩብ 8 ኩሪ ይሆንና ወደ ቢ ይሸጋገራል። አንዲት አቶም ሳትጨመር ቆሻሻው የባሰ ደረጃ ተሰጠው። ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ አልነበረም፤ በደቡብ ካሮላይና የሚገኘው የባርንዌል መቀበሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 በሩን ለአብዛኞቹ ግዛቶች ሲዘጋ፣ የብዙ ማመንጫዎች የቢ እና የሲ ቆሻሻ መሄጃ አጣ። በዩታ ያለው የክላይቭ መቀበሪያ የሚቀበለው ኤ ብቻ ነበር። ማመንጫዎቹም ሬዚኑ ሳይሞላ ቀደም ብለው እያወጡ በኤ ደረጃ እንዲቆይ ማድረግ ያዙ፤ የቆሻሻው ይዘት ቢጨምርም መሄጃ ነበረው። በቴክሳስ አንድሩስ አካባቢ ሦስቱንም ደረጃ የሚቀበል መቀበሪያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ቆሻሻን ማሳነስ ሁልጊዜ መልካም ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ የሚበጀው የመጨረሻው ማረፊያ በሚቀበለው ልክ ማዘጋጀት ነው።

ውሃ ያለበትን ማድረቅ፣ የላላውን ማሰር

በግፊት ውሃ በሚሠሩ ሪአክተሮች ውሃው ቦሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ቦሮን ኒውትሮን ስለሚውጥ የሪአክተሩን ኃይል ለመቆጣጠር ይረዳል። ይህ የቆሸሸ ውሃ በማትነኛ ሲወፍር ቦሪክ አሲዱም አብሮ ይከማቻል። ፈሳሹ ከቀዘቀዘ አሲዱ ጨው መሰል ድንጋይ እየሆነ ቧንቧውን ስለሚደፍን፣ ከማትነኛው እስከ በርሜሉ ያለው መስመር ሁሉ እየሞቀ ይቆያል። ችግሩ ግን በዚህ አያበቃም፤ ቦሮን ሲሚንቶ ቶሎ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ያለ ዝግጅት የተቀላቀለ ቡኮ ለቀናት ሳይደርቅ ሊቆይ ስለሚችል አስቀድሞ ኖራ ይጨመርበትና ቦሮኑ ከካልሲየም ጋር እንዲጣመር ይደረጋል። ቡኮው በርሜሉ ውስጥ የሚደባለቀው በሚሽከረከር መቅዘፊያ ሲሆን፣ በአንዳንድ አሠራር መቅዘፊያው ከነቡኮው እዚያው እንዲደርቅ ይተዋል። የተበከለ መቅዘፊያን እያጠቡ ተጨማሪ ቆሻሻ ውሃ ከማመንጨት አንድ ብረት መገበር ይሻላል።

ሬዚን ከሲሚንቶ ጋር ያለው ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው። እንክብሎቹ ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። በብዛት ከተጨመሩ የጠነከረውን ሲሚንቶ ከውስጥ ገፍተው ይሰነጥቁታል፤ ሲወጣ ደህና የነበረው በርሜል ከወራት በኋላ ውሃ ሲነካው ሊፈረካከስ ይችላል። ስለዚህ በአንድ በርሜል የሚገባው የሬዚን ድርሻ ይገደባል። በሲሚንቶ ምትክ ሬንጅ መጠቀምም ይቻላል፤ በሙቅ ሬንጅ ውስጥ ውሃው ተንኖ ስለሚወጣ ይዘቱም ከሲሚንቶ ያነሰ ይሆናል። ሬንጅ ግን ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1997 በጃፓን ቶካይ በሚገኝ ያገለገለ ነዳጅ ማደሻ ተቋም ውስጥ፣ ቆሻሻን ከሬንጅ ጋር የሚያዋህደው ክፍል በጠዋት እሳት ተነሳበት። እሳቱ በውሃ ርጭት ጠፋ ተብሎ ቢታመንም ከአሥር ሰዓት ገደማ በኋላ ክፍሉ ፈነዳ፤ 37 ሠራተኞችም ለአነስተኛ ጨረር ተጋለጡ። እንደ እኔ እምነት ሲሚንቶ ከባድና ቦታ የሚፈጅ ቢሆንም እስከ ዛሬ ያልተተወው በዚህ ጠባዩ ነው፤ አይቃጠልም፣ ርካሽ ነው፣ ራሱም ጨረር ይከላከላል።

ሌላው አማራጭ ሬዚኑን ከምንም ጋር ሳያዋህዱ ውሃውን በፓምፕ መጥጦ በጠንካራ መያዣ ማሸግ ነው። ከወፍራም ፖሊኤትሊን የሚሠሩት እነዚህ መያዣዎች ቅርጻቸውን 300 ዓመት ጠብቀው እንዲቆዩ ታስበው ይነደፋሉ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ይሁንና በእንክብሎቹ መካከል የተጠለለው ውሃ በአንድ ጊዜ አይወጣም። ፓምፑ ሠርቶ ያቆማል፣ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ታች እስኪወርድ ይጠበቃል፣ ፓምፑ እንደገና ይሠራል። በአሜሪካው ደንብ መሠረት እንዲህ ባለ መያዣ ውስጥ ነፃ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ውሃ ከይዘቱ 1 በመቶ፣ በሲሚንቶና በመሰሉ በጠነከረ ቆሻሻ ውስጥ ደግሞ 0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ይህ ጥብቅነት ከመጥፎ ልምድ የመጣ ነው። በኬንታኪ ግዛት የሚገኘው የማክሲ ፍላትስ መቀበሪያ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲከፈት ቆሻሻ ወደ ሸክላ አፈር ቦይ ይወርድና አፈር ይለበስበት ነበር። መያዣዎቹ ሲበሰብሱና ሲሟሽሹ ላዩ ሰመጠ፤ በሰመጠው በኩል የዝናብ ውሃ ገባ፤ ሸክላው ውሃ ስለማያሳልፍም ቦዮቹ ባለሙያዎች የመታጠቢያ ገንዳ ብለው እንደሰየሙት ሁኔታ ሞሉ። መቀበሪያው እ.ኤ.አ. በ1977 ተዘጋ። የ1982ቱ ደንብ ቆሻሻ በካርቶን እንዳይታሸግ የከለከለው፣ በመያዣው ውስጥ ክፍት ቦታ በተቻለ መጠን እንዲያንስ ያዘዘውና ነፃ ውሃን በመቶኛ የገደበው ይህን የመሰሉ ቦይዎች ከታዩ በኋላ ነው።

በታሸገው ውስጥ ምን አለ?

በርሜሉ ከመዘጋቱ በፊትና በኋላ የሚደረገው ልኬት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በርሜሉ በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና የጀርማኒየም መለኪያ ከጎኑ ሆኖ የሚወጣውን ጋማ ጨረር በኃይል መጠኑ ይለያል። ሲዝየም 137 በ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ኮባልት 60 በ1,173 እና በ1,332 ላይ ይታወቃሉ። እነዚህ በርሜሉን ዘልቀው ስለሚወጡ መለካት አያስቸግርም። ኒኬል 63 እና ስትሮንሺየም 90 ግን የሚለቁት ቤታ ጨረር ከበርሜሉ ግድግዳ አያልፍም፤ ለመቶ ዓመታት የሚቆጠር አደጋ ይዘው ከውጭ ሲታዩ ዝም ይላሉ። መፍትሔው ምጣኔ ነው። ከእያንዳንዱ የቆሻሻ ዓይነት ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ይላክና፣ ለምሳሌ ለአንድ የኮባልት 60 መጠን ምን ያህል ኒኬል 63 እንደሚገኝ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ ኮባልቱን መለካት ኒኬሉን ለማስላት ይበቃል። ምጣኔው እንደ ሪአክተሩ ሁኔታ ይለወጣል። የነዳጅ ዘንግ ከተሰነጠቀ ወይም የውሃው ኬሚስትሪ ከተቀየረ የአምናው ቁጥር ለዘንድሮ አይሠራም፤ በአሜሪካ ለቢ እና ለሲ ደረጃ ቢያንስ በየዓመቱ፣ ለኤ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ እንዲረጋገጥ የሚጠበቀው ለዚህ ነው።

በውጭው ገጽ ላይ የሚደረገው ምርመራ ቀለል ይላል። 300 ካሬ ሴንቲሜትር በሚያህል ቦታ ላይ ወረቀት ይታሽና በወረቀቱ የቀረው ብናኝ ይለካል፤ ለማጓጓዝ የሚፈቀደው ቤታና ጋማ አመንጪ ብክለት በካሬ ሴንቲሜትር እስከ 4 ቤኬሬል (በሴኮንድ የሚፈራርሱ አቶሞች ቁጥር)፣ አልፋ አመንጪ ደግሞ በአመዛኙ እስከ 0.4 ነው። በጥቅሉ ገጽ ላይ የሚለካው የጨረር መጠንም በተለመደው ጉዞ በሰዓት ከ2 ሚሊሲቨርት እንዳይበልጥ ይደረጋል። ከዚያ ቁጥሩ፣ ክብደቱ፣ በውስጡ ያሉት አቶሞች ዓይነትና መጠን፣ የተለካበት ቀን ይጻፋል። ቀኑ ካልተጻፈ ቁጥሩ ትርጉም የለውም፤ የዛሬው ኮባልት ከአምስት ዓመት በኋላ ግማሽ ነው።

ሬዚን በሚይዝ መያዣ ላይ ሌላ ነገር ይታሰባል። ጨረሩ የቀረውን እርጥበትና ፕላስቲኩን ራሱን እየሰባበረ ሃይድሮጅን ጋዝ ያመነጫል፤ ስለዚህ ክዳኑ ጋዝ የሚያሳልፍ፣ ብናኝ የማያሳልፍ መተንፈሻ ይገጠምለታል ወይም ጋዙ ከመጠራቀሙ በፊት ታሽጎ የሚቆይበት ጊዜ በስሌት ይገደባል።

መዝገብ ሲስት ምን እንደሚሆን ያሳየው ትልቁ ምሳሌ ከማመንጫ ቆሻሻ የተወሰደ አይደለም፤ ከጦር መሣሪያ ሥራ የተረፈ፣ የረጅም ዕድሜ ቁሶች ያሉበት ነው። የማሸግ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የናይትሬት ጨው ያለበት ቆሻሻ ፈሳሹን እንዲመጥ ከማዕድን የተሠራ መምጠጫ ሊጨመርበት ሲገባ ከስንዴ የተሠራ ተጨመረበት። የእህል ውጤት ከናይትሬት ጋር ተገናኝቶ ቀስ በቀስ ሞቀ፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 2014 በኒው ሜክሲኮ መቀበሪያ ከመሬት በታች 655 ሜትር ላይ የተቀመጠው በርሜል ክዳኑን ፈነቀለ። መቀበሪያው ቆሻሻ መቀበል አቁሞ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ቆየ።

የመጨረሻው ማረፊያ የሚጠይቀው

ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው አመዳደብ መሠረት ዝቅተኛ ደረጃ ቆሻሻ እስከ ጥቂት መቶ ዓመታት ድረስ ተጠብቆ በገጸ ምድር አቅራቢያ ሊቀበር የሚችል ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ የተሳሳተ መንገድ ተሂዷል። ከ1946 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በርሜሎች ወደ ውቅያኖስ ሲጣሉ ቆይተው በ1983 በስምምነት እንዲቆም ተደረገ፣ በ1993 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ታገደ። በጀርመን አሴ የተባለው የቀድሞ ጨው ማዕድን ከ1967 እስከ 1978 ድረስ 126,000 ያህል በርሜሎች ተቀበለ፤ አሁን በየቀኑ 12,000 ሊትር ገደማ ጨዋማ ውሃ ይሰርግበታል፣ በ2013 የወጣ ሕግም በርሜሎቹ ተቆፍረው እንዲወጡ አዟል።

ዛሬ የተሻሉት ቦታዎች የተለያየ መንገድ ይከተላሉ። ስዊድን ከ1988 ጀምሮ በፎርስማርክ ከባልቲክ ባሕር ወለል በታች 50 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው አለት ውስጥ ታስቀምጣለች። ደቡብ አፍሪካ የኩበርግ ማመንጫዋን በርሜሎችና የኮንክሪት መያዣዎች ዝናብ ወደማይበዛበት ወደ ቫልፑትስ ትልካለች። ፈረንሳይ በማንሽ መቀበሪያዋ ከ1969 እስከ 1994 ድረስ 527,000 ሜትር ኩብ ገደማ ከተቀበለች በኋላ፣ በ1992 በከፈተችው በኦብ ማዕከል በኮንክሪት ክፍሎች ትቀብራለች። ክፍሎቹ በሚሞሉበት ጊዜ በላያቸው ተንቀሳቃሽ ጣሪያ ይቆማል፤ በሥራቸው ባለው መተላለፊያም ምናልባት የሚሰርግ ውሃ ካለ ተጠራቅሞ ይመረመራል።

ኦብ ከተዘጋ በኋላ ለ300 ዓመት ክትትል እንዲደረግለት ታቅዷል። ቁጥሩ ከሲዝየም 137 አሥር ግማሽ ዕድሜ ጋር የሚገጥም ነው፤ በዚያ ጊዜ ከሲዝየሙ የሚተርፈው ከሺህ አንድ ገደማ፣ ከስትሮንሺየም 90 ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። ካርቦን 14 ግን በ300 ዓመት የሚቀንሰው 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ተብሎ የመቀበሪያው ፈቃድ በእያንዳንዱ ጥቅልና በመላው ቦታ ላይ ሊገባ የሚችለውን የረጅም ዕድሜ አቶሞች ጣሪያ ለየብቻ ይወስናል፤ ከዚያ ያለፈ ሬዚን የቱንም ያህል በጥሩ ሁኔታ ቢታሸግ ከበር ይመለስና ጠለቅ ያለ ማረፊያ እስኪዘጋጅለት ድረስ በማመንጫው ግቢ፣ በኮንክሪት መጋዘን ውስጥ ይቆያል።